በጭንቅ ቀን ዳዊት እንዴት ይነበባል?

ችግር የደረሰበት ሰው ከዙሪያው የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው። «አይዞህ፣ ለበጎ ነው»፣ «ከዚህም የባሰ አለ፣ አመስግኚ»፣ «እሱ ያመጣውን እሱ ይመልሰዋል»። የሚናገሩት ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ሌላ የሚሉት ስለጠፋቸው ነው። ሰሚውም ልቡ እየደማ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ማታ ግን በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ለእግዚአብሔር የሚለው ነገር ያጣል። ምስጋናውን ለጠያቂዎቹ ተናግሮ ጨርሶታል፤ ሐዘኑን እንዳይናገር ደግሞ ማጉረምረም ይሆንብኛል ብሎ ይፈራል።

መዝሙረ ዳዊትን የደረሱት ሰዎች ይህ ፍርሃት አልነበረባቸውም። ከ150ው መዝሙር ሲሶ ያህሉ ልቅሶና አቤቱታ ነው። ለምን ረሳኸኝ፣ ለምን ዝም አልኸኝ፣ ጠላቴ ሲስቅብኝ ወዴት ነህ የሚል ጥያቄ በየገጹ ይገኛል። ጠያቂዎቹም ነቢያትና የመቅደስ መዘምራን ናቸው። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፦ ለእግዚአብሔር አቤት ማለት ራሱ መታመን ነው። ይሰማኛል ብሎ የማያስበውን ሰው ደጅ ማንም አይጠናም። ስለዚህ እምነቴ እስኪጠነክር፣ ልቤ እስኪረጋጋ ብለው አይጠብቁ። ዳዊት የሚከፈተው ልብ ሳይረጋጋ ነው።

ከመክፈትዎ በፊት

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው ቁጥር ነው። የግእዙ ዳዊትና እሱን የተከተሉ ኅትመቶች ዘጠነኛውንና አሥረኛውን መዝሙር አንድ አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው መዝሙር በዕብራይስጡ አቆጣጠር ከታተመው በአንድ ያንሳል። ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር በአንዱ መጽሐፍ 22፣ በሌላው 23 ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የግእዙን ቁጥር፣ በቅንፍ ደግሞ ሌላውን አስቀምጣለሁ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ዳዊትን የሚያውቀው በንባብ ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስና ወንጌል አንብቦ ዳዊት ላይ ይደርሳል፤ ዳዊት ሲጨርስ ቤተሰቡ ይደግስለታል። ቃሉ ግእዝ ነውና ምስጢሩ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለብዙው ሰው ጭራሽ ሳይገባው ይቀራል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተከፍሎ የሚደገመው ዳዊት ትልቅ ሀብት ነው፣ የሚደግሙ ከሆነ አይተዉት። ከዚህ በታች የምጠይቅዎ ግን ከመድገም የተለየ ሥራ ነው። በአንድ ጠዋት ሠላሳ መዝሙር የሚወጣ አንደበት አንዲት መዝሙር ላይ ሳምንት መክረም ይከብደዋል። እርስዎ የሚከርሙት አንዲቷ ላይ ነው።

መዝሙሩን እንደ ሕመምዎ ይምረጡ

መጽሐፉን ዝም ብሎ ገልጦ «ዛሬ የደረሰኝ ይህ ነው» ማለት የተለመደ ነው። አልመክርም። ልጁ የሞተበት ሰው የንጉሥ ሠርግ መዝሙር ሊደርሰው ይችላል። ይልቅ የሚያምዎትን ነገር መጀመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራስዎ ይንገሩ፤ ከዚያ እሱን የሚመስል መዝሙር ይፈልጉ።

መጠበቁ የሰለቸዎ እንደሆነ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ በቀጠረ ቁጥር የሚያራዝም፣ ሕመሙ የማይለቅ፣ ቪዛው የማይመጣ ከሆነ 12 (13) ይክፈቱ። አብሮዎ በልቶ ጠጥቶ፣ አብሮዎ ቤተ ክርስቲያን ስሞ የከዳዎ ሰው ካለ 54 (55) ነው፤ እዚያ መዝሙር ላይ ተናጋሪው ጠላት ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር ይላል፣ የማይችለው ወዳጁን ነው። ጥፋቱ የራስዎ ከሆነና ሕሊና እንቅልፍ ከነሳዎ 50 (51) እና 31 (32) አሉ። ከአገርና ከቤተ ክርስቲያን ርቀው ከሆነ፣ ለምሳሌ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የሚሠሩ ከሆነ፣ በዓል ሲመጣ ያለፈውን ዓመት ዕልልታ እያሰቡ የሚያለቅሱ ከሆነ 41 (42) ይስማማዎታል። ዕድሜ ገፍቶ ጉልበት ሲከዳ 70 (71) የአረጋዊ ጸሎት ነው።

አንድ ሌላ ሕመም አለ፣ ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረው። እርስዎ በደሞዝዎ እየኖሩ፣ ሳይሰርቁ፣ ጉቦ ሳይቀበሉ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያቅትዎታል፤ ያ የሚያውቁት ሰው ደግሞ ሦስተኛ ፎቁን ይጨርሳል። «ታዲያ ንጹሕ መሆኔ ምን ጠቀመኝ?» የሚለው ሐሳብ ይመጣል። 72ኛው (73) መዝሙር የአሳፍ ነው፤ አሳፍ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያቆመው የመዘምራን አለቃ ነበር። ይህ ሰው በክፉዎች ድሎት እንደቀና፣ ሰውነታቸው ወፍሮ፣ ጭንቀት ሳያውቁ መኖራቸው እንዳበሳጨው፣ እግሩም ሊሰናከል ጥቂት እንደቀረው ሳይደብቅ ይናገራል። መፍትሔውን ያገኘው አስቦ አስቦ አይደለም፤ ማሰቡማ ድካም ሆነበት። ወደ መቅደስ ገባና ፍጻሜያቸውን አስተዋለ። የተለወጠው የአሳፍ ዓይን ነው።

በ90ኛው (91) ግን አይጀምሩ። አውቃለሁ፣ ከሁሉ የሚወደደው እሱ ነው፤ በቃል የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ በመኪናና በበር ላይም ይለጠፋል። ሆኖም ጥበቃን ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያውጅ መዝሙር ነው። ልጇን ትናንት የቀበረች እናት ክፉ አያገኝህም የሚለውን ስታነብ ወይ መጽሐፉን ትጠላለች ወይ ራሷን ትጠላለች። ሰይጣን ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ዝለል ያለው ይህንኑ መዝሙር ጠቅሶ መሆኑን ማስታወስም አይከፋም፤ እውነተኛ ቃል ያለ ቦታው ሲነገር እንዲያ ይሆናል። 90ን በኋላ ይደርሱበታል።

ሰዓቱና አነባበቡ

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ለብዙ ሰው ቤተሰቡ ሳይነሣ ወይም ከተኛ በኋላ ነው። በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ዳታውን ያጥፉት፤ በመዝሙሩ መካከል የሚመጣ የቴሌግራም መልእክት ከአጋንንት ፈተና አያንስም። ደብተርና እስክሪብቶ አጠገብዎ ይኑር።

ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በዓይኑ ብቻ ሲያነብ መስመሩን ጨርሶ ምን እንዳነበበ አያውቅም። ድምፅ ማውጣት የማይቻልበት ክፍል ውስጥ ካሉ ከንፈርዎን ያንቀሳቅሱ፤ ሐና በሴሎ መቅደስ እንደዚያ ነው የጸለየችው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ አይሰማም ነበርና ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ጠረጠራት።

መጀመሪያ ሙሉውን አንድ ጊዜ ይወጡታል። ሁለተኛ ሲያነቡ ልብዎ የሚያዝበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ሦስተኛ ጊዜ ከዚያ ቦታ አይለፉ። ነገም ወደዚያው ይመለሱ።

አቤቱታውን በራስዎ ጉዳይ ይጻፉት

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነውና 12ኛውን (13) መዝሙር ይክፈቱና አብረን እንየው። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ አራት ጊዜ ይመጣል፤ እግዚአብሔር ረስቶኛል፣ ፊቱን ሰውሮብኛል፣ በልቤ ሐሳብ ሲመላለስ ይውላል፣ ጠላት በላዬ ከፍ ብሏል። ጥያቄው በሦስት አቅጣጫ ይሄዳል። አንዱ ወደ እግዚአብሔር ነው፣ አንዱ ወደ ራስ፣ አንዱ ወደ ሰው። የሰው ጭንቀት ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሦስቱን ቀላቅሎ ነው የሚያንቀው፤ መዝሙሩ ይለያያቸዋል።

አሁን ደብተሩ ላይ «እስከ መቼ» ብለው አራት ጊዜ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የራስዎን ይሙሉ። ለምሳሌ ባሏ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሴት እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦

እስከ መቼ ነው አንተን ስጠራ ጣሪያው ብቻ የሚሰማኝ?
እስከ መቼ ነው ለአንድ ሰሞን እጥበት ስከፍል የሚቀጥለውን የት አባቴ አመጣለሁ የምለው?
እስከ መቼ ነው ሌሊት ሌሊት ሒሳብ ስደምር የማድረው?
እስከ መቼ ነው ዘመዶቼ ብር ልትጠይቅ ነው ብለው ስልኬን የማያነሱት?

ይህ ጸሎት ነው። ቃሉን አያሳምሩት፣ «ጌታ ሆይ ፈቃድህ ይሁን» ብለውም አይዝጉት። ፈቃድህ ይሁን የሚለው ከባድ ቃል ነው፤ ጌታ ጌቴሴማኒ ላይ ያለው አስቀድሞ ጽዋው ይለፍልኝ ካለ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ዘለው ወደ ሁለተኛው የሚሄዱ ሰዎች አስቸጋሪውን ክፍል ተሻግረው እምነት የደረሱ ይመስላቸዋል፤ ሐዘኑ ግን እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

ሦስተኛውና አራተኛው ቁጥር ልመና ነው። ተናጋሪው ተመልከተኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራልኝ ይላል፤ ካላበራህልኝ እሞታለሁ፣ ጠላቴም አሸነፍኩት ይላል ብሎ ምክንያቱን ያቀርባል። ልብ ይበሉ፣ ልመናው የተወሰነ ነው። «ችግሬን ሁሉ አንተ ታውቃለህ» ብሎ አላለፈም። እርስዎም የሚለምኑትን በስሙ ይጥሩት፦ የዚህ ሳምንት ክፍያ፣ ሐኪሙ የሚናገረውን የምሰማበት ጆሮ፣ አንድ ስልክ የሚያነሳ ሰው። ትንሽ ነገር ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ተወስኖ የተለመነ ነገር ሲመለስም ሳይመለስም ይታወቃል፤ በጅምላ የተለመነ ግን መመለሱም አይታወቅም።

ከዚያ አምስተኛው ቁጥር ላይ ድንገት ነገሩ ይገለበጣል። እኔ ግን በምሕረትህ ታምኛለሁ ይላል፣ እንደውም እዘምራለሁ ይላል። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ምን ሆነ? ጠላት ሞተ? መልአክ መጣ? ምንም አልተጻፈም። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ በሕይወት ግን ወር ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ዓመትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአምስተኛውን ቃል ዛሬ ከልብዎ ማለት ካቃተዎ በግድ አይበሉት። ያንብቡትና «ይህን ዛሬ ዳዊት ይበልልኝ፤ እኔ ስደርስበት እላለሁ» ብለው ለእግዚአብሔር ይንገሩት። አፍ ከልብ ቀድሞ ከሚዋሽ ይህ ይሻላል። በሚቀጥለው ቀን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው እዚያው ይድረሱ። አንድ ቀን ሳያስቡት ቃሉ የራስዎ ሆኖ ከአፍዎ ይወጣል፤ ያን ቀን በኅዳጉ ላይ ቀኑን ይጻፉ።

የሚታወስ ነገር ይሰብስቡ

ሌሊት እንቅልፍ ለሚያጡ 76ኛው (77) አለ። ይህም በአሳፍ ስም ነው። እጁን በሌሊት ዘርግቶ፣ መጽናናትን እምቢ ብሎ፣ ዓይኑ አልከደን ብሎት ይጀምራል። እግዚአብሔር ለዘላለም ጣለኝ? ምሕረቱ አለቀች? መራራትን ረሳ? እያለ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደርባል። ቀጥሎ ለራሱ ትእዛዝ ይሰጣል፤ የቀድሞውን ሥራ አስታውሳለሁ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰባክያን «በረከቶችህን ቁጠር» የሚሉትን ይመስላል፣ ግን አይደለም። አሳፍ የራሱን በረከት አንድም አይቆጥርም። ምናልባት በዚያች ሌሊት የሚቆጥረው አልነበረውም። የሚያስታውሰው የወገኑን ታሪክ ነው፤ ባሕር የተከፈለበትን፣ ሕዝቡ በሙሴና በአሮን እጅ እንደ መንጋ የተመራበትን። እግዚአብሔር በባሕር ውስጥ መንገድ እንዳለው፣ የእግሩ ዱካ ግን እንደማይታይ ይናገራል። መዝሙሩ እዚያው ያልቃል። የአሳፍ ችግር ተፈታ አልተፈታ አንድ ቃል የለም።

እርስዎም ሦስት ነገር ይጻፉ። አንዱ ከራስዎ ሕይወት ይሁን፣ ካለ። ሁለተኛው ከቤተሰብ፤ እናትዎ ወይም አያትዎ በአንድ ክፉ ዘመን እንዴት እንደተረፉ። ይህን ካላወቁ ደውለው ይጠይቁ፤ «በ77 ድርቅ ጊዜ እንዴት ሆናችሁ?» ወይም «በደርግ ጊዜ አባባ ሲታሰር ምን በላችሁ?» የሚል ጥያቄ አዛውንትን ያስደስታል እንጂ አያስቀይምም፤ የሚያገኙት መልስም በየትኛውም የስብከት ካሴት የለም። ሦስተኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ ይሁን። የራስዎ ባዶ በሆነባት ሌሊት የሌሎቹ ሁለቱ ይቆማሉ።

ከነፍስዎ ጋር ይነጋገሩ

41ና 42 (42ና 43) በመሠረቱ አንድ መዝሙር ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ያው ጥቅስ በሁለቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ይመጣል። ተናጋሪው ነፍሱን ለምን ታዝኚያለሽ ብሎ ይጠይቃታል፣ በእግዚአብሔር ታመኚ ይላታል። ጭንቀት ሲበረታ ሰው ነፍሱ የምትለውን ሲሰማ ነው የሚውለው፤ መልስ አይሰጣትም። እርስዎ መልስ ይስጡ። ድምፅ አውጥተው፣ በስምዎ ጠርተው፣ መንገድ ላይም ሆነ ታክሲ ወረፋ ላይ፣ አጭር አድርገው። አንድ ጊዜ ብሎ ከማቆም ሦስት ጊዜ መደጋገም እንደሚያስፈልግ መዝሙሩ ራሱ ይነግርዎታል።

ጸልየው ይነሡ

ሦስተኛው መዝሙር ርእሱ ላይ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ ይላል። ስለዚህ ብቻውን አያንብቡት፤ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15ን አብረው ይክፈቱ። ዳዊት ራሱን ተከናንቦ፣ ጫማ ሳያደርግ፣ እያለቀሰ የደብረ ዘይትን ዳገት ይወጣል። መንገድ ላይ አኪጦፌል የተባለው ታላቅ አማካሪው ከአቤሴሎም ጋር እንደሆነ ይነግሩታል። ዳዊት እዚያው ቆሞ አንድ አጭር ጸሎት ይጸልያል፦ የአኪጦፌልን ምክር ስንፍና አድርግ። ተራራው ራስ ላይ ሲደርስ ወዳጁ ኩሲ ይመጣል። ዳዊት ኩሲን ይዞ አብረን እናልቅስ አላለም። ወደ ከተማ ተመለስ፣ ለአቤሴሎም አገልጋይ ነኝ በለው፣ የአኪጦፌልንም ምክር አፍርስልኝ፣ የምትሰማውን ለካህናቱ ለሳዶቅና ለአብያታር ንገራቸው፣ ልጆቻቸው መልእክቱን ያመጡልኛል ብሎ ላከው። የጸሎቱ መልስ የመጣው በዚያ መንገድ ነው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሦስተኛው መዝሙር ብዙ ሕዝብ ቢከበኝም ተኛሁ፣ አንቀላፋሁ፣ ነቃሁም የሚለው። የሚቻለውን አድርጎ የቀረውን ጥሎ የተኛ ሰው እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ከሃያ ደቂቃው መጨረሻ ሁለቷ ለዚህ ይሁኑ፦ ዛሬ በእጄ ያለው ምንድን ነው? ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ከሆነ ቀጠሮ ይያዙ፤ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። ዕዳ ከሆነ አበዳሪውን ከመሸሽ ሄደው ያነጋግሩ። ክስ ከሆነ ጠበቃ፣ ሐዘን ከሆነ ዕድር፣ የልብ ጉዳይ ከሆነ የንስሐ አባትዎ ወይም መጋቢዎ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጻፉና እሱን ያድርጉ። ለዛሬ ያልሆነውን ያን ሌሊት አያንሱት።

መጸለይ ሲያቅት

ሰው እስከዚህ የተጻፈውን አንዱንም የማይችልበት ጊዜ አለ። ለዚያ ጊዜ 87 (88) አለ። ከመዝሙራቱ ሁሉ ጨለማው ይህ ነው፤ ሌሎቹ አቤቱታዎች ከሞላ ጎደል መጨረሻቸው ላይ ብርሃን ያያሉ፣ ይህኛው ግን ወዳጆቹ እንደራቁት፣ ጨለማ እንደዋጠው ተናግሮ ያበቃል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲሠቃይ የኖረ ሰው ነው። ተስፋ ያለበት ብቸኛ ቦታ አጠራሩ ነው፦ የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ጀምሯል፤ ቀንና ሌሊትም የጮኸው ወደ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ሳይቆረጥ፣ መጨረሻው ሳይስተካከል መቀመጡ ለእርስዎ ቦታ አለ ማለት ነው። ማንበብ እንኳ ካልቻሉ ሌላ ሰው ያንብብልዎት፤ እርስዎ ተኝተው ይስሙ።

ሐሳብዎ ከሐዘን አልፎ መሞትን ወደ መመኘት ከሄደ ግን መጽሐፉን አጥፈው ዛሬውኑ ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ሐኪም ቤትም ይሂዱ። ብቻዎን አይደሩ። ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ነፍሴን ውሰድ ብሎ በለመነ ጊዜ መልአኩ ተግሣጽ አልሰጠውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ እንደገና ተኛ፤ ሁለተኛም ቀሰቀሰውና አበላው። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ እርግማን መዝሙሮች

108 (109) ላይ ሲደርሱ ይደነግጣሉ። ልጆቹ የሙት ልጆች ይሁኑ እስከማለት የሚሄድ ቁጣ ነው። ይህን መዝሙር በሚጠሉት ሰው ላይ እንደ መሣሪያ የሚደግም ሰው ሰምተው ይሆናል፤ እዚያ መንገድ አይግቡ፣ ካህናቱም ይከለክላሉ። ነገር ግን ዘለው እንዳላዩም አይለፉት። በእውነት የተበደለ ሰው፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ዘመዱ በግፍ የሞተበት ሰው ውስጡ ያለው ቁጣ ይኸው ነው፤ በፈገግታ ቢሸፍነው አይጠፋም። መዝሙሩ ቁጣውን ከሰው እጅ አውጥቶ ለፈራጁ ያስረክባል። አንብበው ሲጨርሱ «ተረከበኝ» ይበሉና እጅዎን ያንሱ። ነገ ተመልሶ ቢመጣ እንደገና ያስረክቡ።

ለሌላ ሰው ሲያነቡ

ይህን ዘዴ ለራስዎ ከለመዱት በኋላ የሚጠራዎ ሰው አይጠፋም። ልቅሶ ቤት ሄደው መጽሐፍ አውጥተው መስበክ አይጀምሩ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አፈር ላይ አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አድርገዋል፤ ነገሩ የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። መጀመሪያ ይቀመጡ። ከፈቀደ «አንድ መዝሙር ላንብብልህ?» ይበሉ። እምቢ ካለ ይተዉት፣ አይከፋዎ። እሺ ካለ አጭሩን ይምረጡ፦ 12 (13) ወይም 129 (130)። ቀስ ብለው ያንብቡ። «ይህ ማለት እኮ...» ብለው አያስከትሉ፤ ቢያለቅስ አያባብሉት፣ ቢቆጣ አይገሥጹት፣ «ዳዊትም ተቆጥቷል» ማለት ብቻ ይበቃል።

ሰው ሁሉ የሚመጣው እስከ ሰልስት፣ ቢበዛ እስከ አርባ ነው። ድንኳኑ ከተነቀለ፣ የዕድሩ ወንበር ከተመለሰ፣ ዘመድ ወደየአገሩ ከሄደ በኋላ ያለው ሳምንት ነው ክፉው። ያን ሳምንት ይደውሉ። «ዛሬ ማታ ልምጣ?» ብለው ይጠይቁና ያንኑ መዝሙር ይዘው ይሂዱ፤ ይህን ጊዜ ግን እሱ ራሱ ያንብብ፣ እርስዎ ያዳምጡ። ልቡ የተያዘበትን ቁጥር ይጠይቁትና እሱን ወረቀት ላይ ጽፈውለት ይውጡ።